«የሆላንድ ኮማንዶ ጩቤ» ከየት መጣ? ለአንድ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ሮተርዳም ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ቀጭን፣ በሁለት ወገን የተሳለ ጩቤ አየሁ። እጀታው ጥቁር ነው፤ ዙሪያውን ቀለበት ቀለበት ተደርጎ ተሠርቷል። የእጅ መከታው ላይ በላቲን ፊደል ‹ኢንግላንድ› ይላል። ሻጩ ‹አርንሄም ላይ የተዋጋ የሆላንድ ኮማንዶ ጩቤ ነው› ብሎ 450 ዩሮ ጠየቀኝ። እስከ ሳምንት ያዝልኝ ብዬ 50 ዩሮ ቀብድ ሰጠሁት። እውነተኛ ነው? ሆላንዶች የራሳቸው የጨበጣ ውጊያ ጩቤ ነበራቸው? መሰብሰብ ልጀምር አስቤያለሁና ከየት ልነሳ?»

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። አስቀድሜ መልሱን፣ ከዚያ ምክንያቱን ልስጥህ። ቀሪውን 400 ዩሮ አትክፈል። እንደገለጽክልኝ ከሆነ ጩቤው የእንግሊዝ ሥሪት ነው፤ ‹ኢንግላንድ› የሚለው ቃል ያለባቸው ደግሞ በአብዛኛው ከጦርነቱ በኋላ ለውጭ ገበያ የተሠሩ ናቸው። ዕቃው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ዓይነቱ ደህና ነው። ዋጋውን የሰቀለው ግን ሻጩ የነገረህ ታሪክ ነው፤ ለታሪኩ ደግሞ ያሳየህ ማስረጃ የለም። ቀብድህን እንዴት እንደምትጠይቅ መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልምጣ፣ ዋናው እሱ ነውና። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሆላንድ ኮማንዶዎች ወገባቸው ላይ የታጠቁት ጩቤ በሆላንድ ፋብሪካ አልተሠራም፤ ሊሠራም አይችልም ነበር። ጀርመን አገሪቱን የወረረችው ሜይ 10 ቀን 1940 ነው። አንተ የምትኖርበት ከተማ መሃሏ ሜይ 14 በቦምብ ነደደ፤ በማግስቱ የጦሩ አዛዥ የእጅ መስጫውን ሰነድ ፈረመ። በዛንዳም አጠገብ ሄምብሩግ በሚባለው ቦታ የነበረው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካም በወራሪው እጅ ወደቀ። ሄምብሩግ የሚለውን ስም ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ወደ እንግሊዝ የተሻገሩት ወታደሮች በልዕልት ኢሬነ ስም በተሰየመው ብርጌድ ሥር ተሰባሰቡ። ከእነሱ መሃል በፈቃዳቸው የወጡት ማርች 22 ቀን 1942 የተመሠረተው የሆላንድ ጓድ ሆኑ። ጓዱ 10ኛ ኮማንዶ የሚባለው የእንግሊዝ ጦር ክፍል አካል ነበር። በዚያ ኮማንዶ ውስጥ ፈረንሳዮች፣ ቤልጂጎች፣ ኖርዌጂያኖችና ፖላንዶችም በየራሳቸው ጓድ ተሰልፈው ነበር፤ ሆላንዶቹ 2ኛው ጓድ ናቸው። የሠለጠኑት ስኮትላንድ ደጋ ላይ አክናካሪ በሚባል ግቢ ነው። ዛሬ ሮዘንዳል ከተማ የሚገኘው የሆላንድ ኮማንዶ ኮር ልደቱን የሚያከብረው በዚያው በማርች 22 ነው። ሴፕቴምበር 1944 ከእነዚህ ሰዎች ጥቂቶቹ ከእንግሊዝ አየር ወለድ ጋር አርንሄም በምትባለው የሆላንድ ከተማ ላይ ነበሩ። አገሩንና ቋንቋውን ስለሚያውቁ ለየክፍሉ ተከፋፍለው ተሰጡ። በኖቬምበር ደግሞ ቫልኸረን ደሴት ላይ ሲወረድ ጓዱ እዚያ ተዋግቷል።

የለበሱት ልብስ፣ የያዙት ጠመንጃ፣ የተጫሙት ጫማ የእንግሊዝ ነበር፤ ጩቤውም እንደዚሁ። ስለዚህ ሻጩ የነገረህ የማይሆን ነገር አይደለም፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ገዢ የማያጣውም ለዚህ ነው። በሆላንዳዊ የተያዘው ጩቤና በእንግሊዛዊ የተያዘው ጩቤ ከአንድ ሣጥን ወጥተው የታደሉ ናቸው። ብረቱ ላይ የሚለያቸው ነገር የለም። ጩቤውን የሆላንድ የሚያደርገው የያዘው ሰው ነው፤ የሰው እጅ ደግሞ ብረት ላይ ስሙን አይተውም። ስሙን የሚተወው ወረቀት ነው።

የጩቤው ቅርጽ ከየት መጣ ላልከው መልሱ ቻይና ድረስ ይወስደናል። ዊልያም ፌርቤርን በ1907 የሻንጋይ ከተማ ፖሊስ የተቀጠረ እንግሊዛዊ ነው። በዚያን ዘመን ሻንጋይ የውጭ መንግሥታት የሚያስተዳድሩት ሰፈር ነበራት፤ ወንበዴው፣ አፋኙና ኮንትሮባንዲስቱ የበዛባት ወደብ ነበረች። ፌርቤርን የመንገድ ላይ ፍልሚያን እንደ ትምህርት አጠና፤ ፖሊሶችንም አሠለጠነ። ኤሪክ ሳይክስ የሚባለው ባልደረባው ተኳሽ ነበር። በ1930ዎቹ እዚያ ከሰፈሩ የአሜሪካ ማሪን መኮንኖች ጋር ስለ ጥሩ የውጊያ ጩቤ ይመካከሩ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በ1940 ወደ እንግሊዝ ተመለሱና ስኮትላንድ ውስጥ ኮማንዶ ማሠልጠን ጀመሩ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ለንደን፣ ፓል ማል ጎዳና ላይ ወደነበረው ወደ ዊልኪንሰን ሰይፍ ኩባንያ ሄደው የሚፈልጉትን አስረዱ። በጃንዋሪ 1941 የመጀመሪያዎቹ ጩቤዎች መሠራት ጀመሩ። በሁለቱ ስም «ፌርቤርን-ሳይክስ» ተባለ፤ ሰብሳቢዎች ሲጠሩት አሳጥረው «ኤፍ ኤስ» ይሉታል።

የፈለጉት ነገር ግልጽ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ጠላት ወፍራም የሱፍ ካፖርት ይለብሳል፤ ስለዚህ ስለቱ ጠባብና ሹል፣ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ሆነ። ክብደቱ ወደ ፊት አያዘነብልም፤ ወደ እጀታው ያርፋል። ጩቤውን መዳፍህ ላይ ብታሳርፈው ጫፉ ቀለል ብሎ ወደ ላይ ሲነሳ ይሰማሃል። እጀታው መሃሉ ላይ ሆዱ ወጣ ብሎ ወደ ሁለቱ ጫፎቹ ይሳሳል፤ ለስፖርት የሚፋለሙበትን የቀጭኑን ሰይፍ እጀታ ያስታውሳል። መልኩ ያማረ ዕቃ ነው፤ ለብዙ አገር ኮማንዶዎች አርማ መሆኑ አያስገርምም።

ጉድለትም አለው፤ ጉድለቱን ማወቅ ለሰብሳቢ ከውበቱ በላይ ይጠቅማል። ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ይሰበራል። ወታደር ደግሞ ወታደር ነው፤ ቆርቆሮ ይከፍትበታል፣ ሣጥን ይፈለቅቅበታል። ስለዚህ በእውነት ዘመቻ ላይ የዋለ ጩቤ ጫፉ ተሰብሮ እንደገና የተሞረደ፣ ከጓደኞቹ አንድ ሴንቲ ሜትር ያጠረ ሆኖ ብታገኘው አትናቀው። ሁለተኛው ጉድለት የእጀታው ድቡልቡልነት ነው። በጨለማ ስትጨብጠው የስለቱ አፍ ወዴት እንደሆነ መዳፍህ አይነግርህም። በ1942 ለአሜሪካና ለካናዳ ጥምር ልዩ ጦር የተሠራው ጩቤ ከእጀታው ፊት ለአውራ ጣት ማሳረፊያ የተጫረ ጠፍጣፋ ቦታ የተደረገለት ይህን ለማረም ነው።

በጦርነቱ ጊዜ ሦስት ዓይነት ወጥቷል። የመጀመሪያው የእጅ መከታው እንደ እባብ የተቆለመመ ነው፤ በስለቱ ሥር ጠፍጣፋ ቦታ አለው፤ እዚያ ላይ በአንዱ ገጽ የዊልኪንሰን፣ በሌላው የጩቤው ስም በአሲድ ተጽፏል። እጀታው ነሐስ ነው፤ እንዳያንሸራትት በጥቃቅን አራት ማዕዘን ተጭሯል። ሁለተኛው በኦገስት 1942 መጣ፤ መከታው ቀጥ አለ፣ ጠፍጣፋው ቦታ ቀረ። ሦስተኛው በ1943 መጨረሻ አካባቢ የመጣው ነው። ነሐስ እንዲቆጠብና ሥራው እንዲፈጥን እጀታው ከዚንክ ቅይጥ በቅርጽ ተቀልጦ ፈሰሰ፤ ቀለበት ቀለበት የሆነውም ያኔ ነው። አንተ ያየኸው ይህ ሦስተኛው ነው። ችግሩ ሦስተኛው ዓይነት ሰላም ከሆነም በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። የእጀታው ቅርጽ «ከ1943 መጨረሻ ወዲህ» ከማለት ያለፈ አይነግርህም። የጦርነቱ ጊዜ ሦስተኛ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ጽሑፍ የለውም፤ ካለውም የመንግሥት ንብረት ምልክት የሆነች ቀስት ወይም ቁጥር ነው። የአገር ስም የሚጻፈው ዕቃው በጉምሩክ በኩል ለሽያጭ ሲወጣ ነው። ለራሱ ወታደር የሚያድል መንግሥት «ኢንግላንድ» ብሎ የሚጽፍበት ምክንያት የለውም።

ጩቤውን ዳግመኛ ካየኸው ግን ዓይንህን አሠልጥንበት። ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚገጥሟትን ማጉያ ይዘህ በቀን ብርሃን ሂድ። በስለቱ መሃል ከመከታው እስከ ጫፉ የሚወርደውን አከርካሪ ተከተል። በጦርነቱ ጊዜ ይህን መስመር የሚያወጣው ሰው ነው፤ በሚሽከረከር ድንጋይ ላይ በእጁ እየገፋ። ስለዚህ መስመሩ እዚህ ጋ በፀጉር ስፋት ወደ ግራ ያዘነብላል፣ እዚያ ጋ ወደ ቀኝ ይመለሳል፤ ከአራቱ ገጾች አንዱ ከሌላው ሰፋ ይላል። በማሽን የወጣ የቅርብ ጊዜ ሥራ መስመሩ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው። ቀጥሎ እጀታው ጫፍ ላይ ያለችውን ዳዶ እይ። በዙሪያዋ ያለው ቀለም ከተላላጠ፣ የመፍቻ ጥርስ ከነካት፣ ጩቤው ተፈትቶ ታስሯል ማለት ነው፤ የአንዱ ስለት ከሌላው እጀታ ጋር ተጋብቶ ሊሆን ይችላል።

አፎቱን አትርሳ። ብዙ ሰው ስለቱን አገላብጦ አይቶ አፎቱን በቸልታ ያልፋል፤ ብዙ ጊዜ ውሸቱ የሚገኘው ግን እዚያ ነው። የጦርነቱ ጊዜ አፎት ቡናማ ቆዳ ነው፤ ጫፉ ላይ የነሐስ ቆብ አለው፤ እጀታውን አቅፎ የሚይዝ ላስቲክ፣ በጎንና በጎኑ ደግሞ ሱሪ ላይ የሚሰፋባቸው የቆዳ ጆሮዎች አሉት። ከሰማንያ ዓመት በኋላ ያ ላስቲክ መርገብ አለበት። ስትስበው እንደ አዲስ ካልሲ የሚመለስ ከሆነ ወይ ተቀይሯል ወይ አፎቱ በሙሉ አዲስ ነው። ጆሮዎቹ ተቆርጠው ብታገኝ አይክፋህ፤ ቀበቶ ላይ ማንጠልጠል የወደዱ ወታደሮች ራሳቸው ይቆርጧቸው ነበር። የገንዘብ ኖት የሚመረመርባትን ሐምራዊ መብራት ስፌቱ ላይ አብራ። ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ሰው ሠራሽ ክር በጨለማ ውስጥ ቦግ ብሎ ነጭ ሰማያዊ ያበራል፤ የድሮው የተልባ ክር ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል።

ይህችን መብራት የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ጀርመን አገር በተደረገ የጦር ዕቃ ትርኢት ላይ የመጀመሪያው ዓይነት ነው የተባለ ጩቤ ገዛሁ። የአንድ ወር ደሞዜን ነው የከፈልኩት። ሻጩ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ንግግራቸው የተረጋጋ ነው፤ ጩቤው የሟች ወንድማቸው እንደነበር ነገሩኝ። ቤት ገብቼ ለብዙ ምሽት አገላብጬ አገላብጬ አየሁት። አንድ ቀን ማጉያውን ጽሑፉ ላይ አሳረፍኩት። በአሲድ የተበላ ፊደል ጠርዙ በጥቂቱ ሸካራ ነው፣ ጥልቀቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። የኔው ፊደል ጠርዙ እንደ ምላጭ የጠራ፣ ወለሉ አንድ ዓይነት ነበር፤ በሌዘር የተጻፈ ነው። ከዚያ መብራቱን ቆዳው ላይ ሳበራ ስፌቱ እንደ ገና መብራት ደመቀ። ጩቤውን አልጣልኩትም። እውነተኛው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ፤ ወጣቶች ሲመጡ መጀመሪያ የማስይዛቸው እሱን ነው።

ስም የተጫረበት ካጋጠመህ ደግሞ ጭረቱን ተመልከት። ሰማንያ ዓመት የኖረ ጭረት ከአካባቢው ጋር እኩል ይጠቁራል፤ ጠርዙም በእጅ ብዛት ይለሰልሳል። ጥቁሩን ቀለም ሰንጥቆ የሚያብለጨልጭ ብረት ካየህ ትናንት የተጻፈ ነው። ስሙ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ሰውየውን ፈልግ። የሆላንድ ጓድ ትንሽ ነበር፤ ሰዎቹ የታወቁ ናቸው። ሄግ የሚገኘው የጦር ታሪክ ተቋምና ሮዘንዳል ያለው የኮሩ ሙዚየም መነሻ ይሆኑሃል። የወታደር ደብተር፣ ጩቤው ወገቡ ላይ የሚታይበት ፎቶ፣ ከቤተሰብ የመጣ ደብዳቤ፤ ከእነዚህ አንዱ ከጩቤው ጋር አብሮ ከመጣ ያኔ ስለ ዋጋ እንነጋገራለን። ሻጭ የሰው ስም ካልሰጠህ የሚጣራ ነገር አልሰጠህም።

አሁን ወደ ሄምብሩግ ልመለስ። በሆላንድ እጅ የተሠራ የጨበጣ ውጊያ ጩቤ የምትፈልግ ከሆነ የምትሄደው ወደ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። «ስቶርምዶልክ» ይሉታል፤ የማጥቂያ ጩቤ እንደ ማለት ነው። የእንጨት እጀታና የቆዳ አፎት አለው፤ ሄምብሩግ የሚለውን ማኅተም በስለቱ ላይ ታገኛለህ። ሆላንድ በዚያ ጦርነት ገለልተኛ ነበረች። በ1914 ክተት ብላ ጦሯን ለአራት ዓመት ድንበር ላይ አቆመች፤ ጎረቤቶቿ ምሽግ ለምሽግ ሲተራረዱ ዳር ሆና ታይ ነበር። ጀርመኑም ፈረንሳዩም ረጅም ሳንጃ በጠባብ ምሽግ ውስጥ እንደማይሠራ ተምሮ አጭር ጩቤ ሲያሠራ እሷም ተከተለች። ስለዚህ ስቶርምዶልክ ይዞ «ፈረንሳይ አገር ሶም ላይ፣ 1916 የተዋጋበት ነው» የሚልህ ሰው ካጋጠመህ ሌላውን ነገሩን መስማት አያስፈልግህም።

ይበልጥ ልቤን የሚይዘኝ ግን ሌላ ዕቃ ነው፤ ጩቤ አይባልም፣ ጎራዴ ነው። ክሌዋንግ ይባላል። ለኔ በሆላንድ የጦር ስለት ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የለም። በ1873 ሆላንድ ከአቼ ሱልጣኔት ጋር ጦርነት ገጠመች፤ አቼ የሱማትራ ሰሜን ጫፍ ናት። ጦርነቱ በዓመት ሁለት ዓመት አላለቀም፣ አሥርተ ዓመታት ፈጀ። የሆላንድ ጦር በአምድ ተሰልፎ፣ መድፍ እየጎተተ ይሄዳል፤ የአቼ ተዋጊ ከጥሻ ውስጥ ዘሎ ይወጣና ክሌዋንግ በሚባለው ሰፊ ስለት ይገባበታል። የአውሮፓ ረጅም ሳንጃና ሻምላ በጥሻ ውስጥ ቅርንጫፍ ይይዘዋል፤ ሳይሰነዘር ያልፋል። በ1890 ቀላል መሣሪያ የያዙ ትናንሽ ክፍሎች ተቋቋሙ፤ ማርሾሴ ይባላሉ። ሐሳቡን ያመጡት መሐመድ አሪፍ የሚባሉ፣ ኩታራጃ ላይ የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ የነበሩ የሱማትራ ሰው ናቸው። ወታደሮቹም አብዛኞቹ የደሴቶቹ ተወላጆች ነበሩ። አጭር ጠመንጃና ክሌዋንግ ያዙ።

ጦሩ ያን የአገሬውን ስለት ወስዶ በራሱ መንገድ አበጀው። በ1898 የወጣው ሞዴል ስለቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ወደ ጫፉ ሰፋ ይላል፣ በአንድ ወገን ብቻ ይሳላል። መከታው ጣቶችን የሚሸፍን የብረት ቅርጫት ነው፤ እጀታው ሁለት እንጨት በሪቬት ተመትቶ ነው። ስታነሳው ክብደቱ ወደ ፊት ይጎትትሃል፤ ከኤፍ ኤስ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። ያኛው ለመውጋት፣ ይህኛው ለመቁረጥ ነው የታሰበው። ዕቃው ጥሩ ስለነበር ሌላውም ወሰደው፦ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የ1917 ሞዴል አጭር ሰይፉን ያሠራው ክሌዋንግን አይቶ ነው። ቅርጹ ከሱማትራ ጥሻ ተነሥቶ በሆላንድ ፋብሪካ በኩል አሜሪካ መርከብ ላይ ወጣ።

የእኛም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ብዙዎቹ የአያቶቻችን ጎራዴዎች ስለታቸው ጀርመን አገር ሶሊንገን ላይ ተሠርቶ የመጣ ነው፤ የአንበሳው ምስልና የአማርኛው ጽሑፍ ሳይቀር እዚያው ተጽፎ። ቀንዱን እጀታ ያበጀውና ሰገባውን የሰፋው የአገራችን ሰው ነው። ጎራዴውን ኢትዮጵያዊ አይደለም የሚል የለም። አንድ መሣሪያ የማን ነው ብለህ ስትጠይቅ ማን አሰበው፣ ማን ሠራው፣ ማን ታጠቀው የሚሉትን ሦስቱን ለየብቻ ጠይቅ። ለኤፍ ኤስ ሦስቱ መልሶች ሦስት ቦታ ይወስዱሃል፤ ለክሌዋንግም እንደዚሁ።

ክሌዋንግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ፤ ለጀማሪ ሰብሳቢ ጥሩ በር ነው። ሄምብሩግ ሲያዝ በኢንዶኔዥያ የነበረው የሆላንድ ቅኝ ግዛት ጦር ጎራዴ የሚያሠራበት አጣ፤ ወደ አሜሪካ ዞረ። ሚልዋኪ ከተማ የነበረ የኮርቻ ፋብሪካ ክሌዋንግ ሠራለት፤ «ሚልስኮ» የሚል ስም በብረቱ ላይ ተመትቶበታል። በ1942 ጃፓን ደሴቶቹን ስትይዝ የተማረኩትን ክሌዋንጎች ወሰደች። ለአገሬው ረዳት ወታደሮች ሲታደሉ ስለታቸው ተቆርጦ አጥሯል፣ ቅርጫቱም ተከርክሞ ቀላል መከታ ብቻ ቀርቷል። እንዲህ የተቆረጠ ክሌዋንግ ሲገኝ «የተበላሸ» ተብሎ በርካሽ ይሸጣል። ለእኔ ግን ጠባሳው ራሱ ሰነዱ ነው። የተቆረጠበትን ጫፍ በጣትህ ዳብሰው፤ የሞረዱ መስመሮች አሁንም ይቆጠራሉ።

በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና የሠለጠነ የሆላንድ የማሪን ብርጌድም ነበር፤ ትጥቁ የአሜሪካ ማሪኖች ትጥቅ ነው። በዚያ በኩል የምታገኘው እጀታው ከተደራረበ የቆዳ ቀለበት የተሠራ የአሜሪካ የውጊያ ቢላ ይሆናል። ለእሱም የተናገርኩት ሕግ ይሠራል፦ ወረቀት ከሌለው አሜሪካዊ ቢላ ነው።

ስለ ክሌዋንግ ውበት ይህን ያህል ከተናገርኩ ሌላውንም መናገር አለብኝ። ጁን 14 ቀን 1904 አቼ ውስጥ፣ በአላስ አገር ኩቶ ሬህ በሚባል መንደር የማርሾሴ ጦር ከ500 በላይ ሰው ገደለ፤ ሴቶችና ሕፃናት በውስጡ ነበሩ። ሬሳው መሃል የተነሣው ፎቶ ዛሬም አለ። በ1946 መጨረሻና በ1947 መጀመሪያ ደግሞ በኮማንዶ ዘዴ የሠለጠነ የሆላንድ ልዩ ጦር ደቡብ ሱላዌሲ ላይ ያለ ፍርድ ሰዎችን በብዛት ገደለ፤ የሆላንድ ፍርድ ቤቶች ለሟች ቤተሰቦች ካሣ ፈርደዋል። እነዚህን ዕቃዎች ግድግዳ ላይ ስትሰቅል አጠገባቸው የምትጽፈው ወረቀት ይህንንም ይጻፍ። እኔ ቤት የሚመጣ እንግዳ «ቆንጆ ነው» ሲለኝ አዎ ካልኩ በኋላ ወረቀቱን አነበዋለሁ። አርንሄም ያለውን የብሮንቤክ ሙዚየም ሂድና እይ፤ የቅኝ ግዛቱ ጦር ታሪክ እዚያ ነው ያለው። ኦስተርቤክ ያለው የአየር ወለድ ሙዚየም ደግሞ ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ታዳርሳቸዋለህ።

ሕጉን በአጭሩ ልንገርህ። በሆላንድ የጦር መሣሪያ ሕግ በሁለት ወገን የተሳለ ስለት አራተኛው ምድብ ውስጥ ነው። ከ18 ዓመት በላይ ከሆንክ ቤትህ ልታስቀምጠው ትችላለህ፤ ይዘኸው መንገድ ላይ መታየት ግን ክልክል ነው። ከገበያ ወደ ቤት ስትወስደው በቀላሉ እንዳይወጣ አድርገህ ጠቅልለህ፣ ቦርሳ ውስጥ አድርገህ ውሰደው። ከቡጢ ብረት ጋር የተጋጠመ የምሽግ ቢላ ካጋጠመህ አትንካው፣ ቡጢው የተከለከለ ነው። ከሆላንድ ውጭ ልትወስድ ከሆነ የሄድክበትን አገር ሕግ ለይተህ ጠይቅ።

አጠባበቁ ላይ አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው አንድ ነገር ነው፦ ጩቤውን አፎቱ ውስጥ ከትቶ ያስቀምጠዋል። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ የተለፋበት አሲድም በውስጡ አለ። ብረቱን ያዝገዋል፤ ነሐሱን አረንጓዴ ያወጣበታል። ለየብቻ፣ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። በጣትህ የነካኸውን ብረት በለስላሳ ጨርቅ ጥረግና ሙዚየሞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ሰም በስሱ ቀባው። የብረት ማጽጃ ዱቄት፣ የአሸዋ ወረቀት፣ መሳያ ድንጋይ አጠገቡ አይድረስ። ያ ጥቁርና ቡናማ የዕድሜ ቆዳ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም፤ ዋጋውም አብሮት ይሄዳል።

ከየት ልነሳ ላልከው፦ መጀመሪያ በርካሽ ጀምር። ‹ኢንግላንድ› የተጻፈበትን ጩቤ በእውነተኛ ዋጋው፣ ማለትም ከተጠየቅኸው በብዙ ዝቅ ብሎ ብታገኘው ግዛው፤ እጅህን የሚያሠለጥንልህ እሱ ነው። ክብደቱን፣ የዳዶዋን አገጣጠም፣ የአከርካሪውን መስመር ተማርበት። ቀጥለህ የተቆረጠ ክሌዋንግ ፈልግ። ስቶርምዶልክና የመጀመሪያው ዓይነት ኤፍ ኤስ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆዩህ።

ስለ ቀብዱ ደግሞ እንዲህ አድርግ። ቅዳሜ ሂድና ለሻጩ በትህትና «ደረሰኝ ጻፍልኝ፤ ደረሰኙ ላይ ‹ከ1945 በፊት የተሠራ፣ የሆላንድ ኮማንዶ ጩቤ› ብለህ ፈርምበት» በለው። የሚያምንበት ከሆነ ይጽፋል፤ ያኔ ደረሰኙን በፎቶ ላክልኝና እንወያያለን። እጁን ከሰበሰበ «አንተ ያልፈረምክበትን እኔ አልገዛም፣ ቀብዴን ስጠኝ» በለው። ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፣ ድምፅህን ግን አታንሳ። ከመሄድህ በፊት የመከታውን ጽሑፍ፣ ዳዶዋንና የአፎቱን ስፌት በቅርበት ብታነሳልኝ ዛሬ ማታ አየዋለሁ። ጩቤውን ለፎቶ ብለህ እንዳትወለውለው።